ከጀሪካን ግድግዳ እስከ አሸዋ ማጣሪያ፦ ባክቴሪያ ተጣብቆ በመኖሩ ምን ያተርፋል?

ኅዳር 3

የሳይንስ ክበባችን የዘንድሮ ሥራ ዛሬ ተጀመረ። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ባክቴሪያ ከአንድ ነገር ገጽ ላይ ተጣብቆ፣ ራሱ ባወጣው ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ተከማችቶ መኖሩ ምን ይጠቅመዋል? ይህ አኗኗር ባዮፊልም ይባላል። በመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ላይ ባክቴሪያ ሁልጊዜ ብቻውን ይዋኛል። የጀሪካንን ግድግዳ በጣቱ የዳበሰ ሰው የሚያውቀው ግን ሌላ ነው፤ ውሃው ጠርቶ ሳለ ግድግዳው ያሟልጫል። ተማሪዎቼ ይህን ከእኔ ሰምተው ከሚቀበሉት ይልቅ በእጃቸው ፈትነው ቢደርሱበት እመርጣለሁ።

መሣሪያችን ቀላል ነው። ያረጀ የ20 ሊትር ጀሪካን ጎኑን ቀድደን ገንዳ አደረግነው። ከላዩ ዘንጎች አጋድመን የማይክሮስኮፕ ስላይዶችን በልብስ መቆንጠጫ አንጠለጠልን። ስላይዶቹ በቁም መሆናቸው ግድ ነው፤ ጠፍጣፋ ከተኙ የሚዘቅጠው ደለል በላያቸው እየተቀመጠ፣ ተጣብቆ ካደገው ጋር ይምታታል። ውሃው ከጣና ዳርቻ የተቀዳ ሲሆን በየሁለት ቀኑ ግማሹን እያወጣን በአዲስ እንተካለን። ሁሉም ሰው ጓንት ያደርጋል፤ ከሥራ በኋላ ዕቃው ሁሉ በጠንካራ በረኪና ተዘፍዝፎ ያድራል።

ዘዴው የቆየ ነው። አሜሪካዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ አርተር ሄንሪሲ ስላይዶችን ሐይቅ ውስጥ አስጥሞ ሲያወጣ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1933 ጽፏል። ከውሃ ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ተንሳፋፊ ሳይሆኑ በውሃ ውስጥ ባለ ነገር ላይ ተጣብቀው የሚያድጉ ናቸው የሚል ነበር መደምደሚያው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

ኅዳር 4

የመጀመሪያውን ስላይድ አወጣን። በንጹሕ ውሃ ቀስ ብለን አለቅልቀን፣ አድርቀን፣ ጀንሺያን ቫዮሌት የተባለ ሐምራዊ ቀለም ቀባነው። ከፋርማሲ የገዛነው 1 በመቶ ስለሆነ አሥር እጥፍ አቅጥነነዋል።

በዓይን ሲታይ ስላይዱ ባዶ ይመስላል። በማይክሮስኮፑ በዘይት ሌንስ ግን ዘንግ የመሰሉ ሐምራዊ ባክቴሪያዎች እዚህም እዚያም ተበትነው ይታያሉ። አብዛኞቹ ለብቻቸው ናቸው፤ አንዳንዱ ለሁለት ሊከፈል ወገቡ ቀጥኗል። ከስላይዱ ጫፍ አጠገብ ባለች ጭረት ውስጥ ግን በርከት ብለው ተደርድረዋል። ጭረቷ ከውሃው እንቅስቃሴ ትከልላቸዋለችና ማንም ሳይነግራቸው የተሻለውን ቦታ ይዘዋል።

ባክቴሪያው ከመድረሱ በፊት መስታወቱ ራሱ ተለውጦ ይጠብቀዋል። ንጹሕ መስታወት ውሃ ውስጥ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ በውሃው የነበሩ የፕሮቲንና የስኳር ቅንጣቶች ይለጠፉበታል። ዋኝቶ የመጣው ባክቴሪያ መጀመሪያ የሚነካው ይህን ስስ ንጣፍ ነው። መጀመሪያ የሚይዘው ላላ አድርጎ ነው፤ ካልተመቸው ይሄዳል። ከተመቸው ጸጉር በመሰሉ አካሎቹ አጥብቆ ይይዝና ሙጫ ማውጣት ይጀምራል።

ይህን ውሳኔ የሚመራው በሕዋሱ ውስጥ ያለ ሳይክሊክ ዳይ ጂኤምፒ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ነው። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሞሼ ቤንዚማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1987 ነው ያስታወቀው፤ ሲመራመሩ የነበረው አንድ ባክቴሪያ ሴሉሎስ እንዴት እንደሚሠራ ነበር። በአብዛኞቹ ባክቴሪያዎች የሞለኪውሉ መጠን ሲጨምር መዋኘት ይቀርና ሽፋን መሥራት ይጀመራል፤ ሲቀንስ ሕዋሱ ወደ መዋኘት ይመለሳል።

ኅዳር 8

ዘንጎቹ ተሰባስበዋል። ኅዳር 4 ባዶ በነበሩ ቦታዎች መካከል ጥቅጥቅ ያሉ ጉብታዎች ይታያሉ። ስላይዱን ብርሃን ፊት ሲያዘነብሉት ስስ ጭጋግ አለበት።

ኅዳር 16

ዛሬ ጣት ያሟልጫል። ተማሪዎቹ ተራ በተራ በጓንት ዳሰሱት።

መጠኑን ለመለካት ቀላል መንገድ አለ። ቀለሙን የያዘውን ስላይድ አልኮል ውስጥ ሲያስገቡት የተጣበቀው ሐምራዊ ቀለም ሟሙቶ ይወጣል፤ ሽፋኑ በወፈረ መጠን አልኮሉ ይጠቁራል። የመጀመሪያውን ቀን፣ የኅዳር 8ንና የዛሬውን በሦስት ብልቃጥ አድርገን ነጭ ወረቀት ፊት ደረደርናቸው። አንደኛው ውሃ ይመስላል፤ ሁለተኛው ፈዛዛ ነው፤ ሦስተኛው በውስጡ ጽሑፍ አያስነብብም።

ከዚህ ሽፋን አብዛኛው ውሃ ነው፤ በአንዳንድ ባዮፊልም እስከ 97 በመቶ ይደርሳል። ውሃው ተወግዶ ከሚቀረው ደረቅ ክብደት ውስጥ እንኳን በብዙዎቹ ሕዋሳቱ ከ10 በመቶ በታች ናቸው። ቀሪው ባክቴሪያዎቹ ያወጡት ረጃጅም የስኳር ሰንሰለት፣ ፕሮቲን፣ ቅባትና ከሞቱት የፈሰሰ ዲኤንኤ ነው። ተማሪዎቹ ቁጥሩን ሲሰሙ አላመኑም ነበር፤ እኔ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ይህን ያህል ሀብት ለሽፋን የሚያወጣ ፍጥረት ትርፉ ከወጪው ካልበለጠ በስተቀር አይዘልቅም። ከአሁን በኋላ ያለው ሥራችን ያንን ትርፍ አንድ በአንድ መፈለግ ነው።

ኅዳር 20

የመጀመሪያው ትርፍ ምግብ ነው።

ክሎድ ዞቤል በካሊፎርኒያ በስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም የባሕር ባክቴሪያዎችን ሲያጠና፣ ምግቡ በጣም በቀጠነበት ውሃ ውስጥ ጠጣር ገጽ መኖሩ እድገታቸውን እንደሚያፋጥን እ.ኤ.አ. በ1943 አሳትሟል። በጣም የተበታተነው ምግብ ገጹ ላይ ይከማቻል፤ ተጣብቆ የሚጠብቀውም ያገኘዋል። ይህን በጠርሙስ ልንደግመው ፈለግን።

መለኪያችን ሜቲሊን ብሉ ነው። የጥሬ ወተትን ጥራት ለመፈተን ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ ሰማያዊ ቀለም ነው። ሕያው ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ሲጨርሱት ቀለሙ ይነጣል። ብዛታቸው ሲጨምር ቶሎ ይነጣል፤ ሁሉም ከሞቱ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። አየር እንዳይገባ ከላይ የምግብ ዘይት እናደርጋለን።

በጨርቅ የተጠለለ የሐይቅ ውሃ በሁለት ጠርሙስ ቀዳን። በአንደኛው የተቀቀለ የመስታወት ስብርባሪ ጨመርን፤ ሌላው ባዶውን ነው። ሁለቱም ቀናት ቆይተው ቀለም ሲገባባቸው ስብርባሪ ያለበት ቀድሞ ነጣ፤ ሌላው ገና ሰማያዊ ነበር። ከዚያ በአዲስ ጠርሙሶች ፈተናውን ደገምንና በሁለቱም የሥጋ መረቅ ጨመርን። አሁን ሁለቱ እኩል ነጡ ማለት ይቻላል። ምግብ በተትረፈረፈበት ቦታ ተጣብቆ መኖር ብዙም ብልጫ አይሰጥም። በጠራ ውሃ ግን ይሰጣል። ስለዚህ ነው ንጹሕ የምንለው የቧንቧ ውሃ በሚያልፍበት ቱቦ ግድግዳ ላይ ባክቴሪያ ሞልቶ የሚገኘው።

ኅዳር 25

የክሎሪን ፈተና። ከሁሉ ይበልጥ የጠበቅሁት ይህ ነው።

በመጀመሪያ ያሰብነው ሽፋን ያለበትን ስላይድ በውሃው ከሚንሳፈፉት ባክቴሪያዎች ጋር ማወዳደር ነበር። የክበቡ ጸሐፊ ተነሥታ፣ «መምህር፣ ብዛታቸው እኩል ካልሆነ ንጽጽሩ ምን ይነግረናል?» ብላ ጠየቀች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ከአንድ ገንዳ፣ በአንድ ቀን የገቡ ሁለት ስላይዶች ወሰድን። የአንደኛውን ሽፋን እንዳለ ተውነው። የሁለተኛውን በምላጭ ጠርገን፣ ከተቀቀለ አሸዋ ጋር ብልቃጥ ውስጥ አድርገን ጉብታው ሁሉ እስኪበተን ናጥነው። ባክቴሪያው ያው ነው፤ የሽፋኑ ሙጫም ሳይቀር አብሮ አለ። የተለወጠው አሰፋፈሩ ብቻ ነው።

በረኪናችን 5 በመቶ ስለሆነ በ10 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ስንጨምር በሊትር 5 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሆናል። ከዚሁ ውሃ ለሁለቱም አንድ አንድ ሊትር ሰጥተን ግማሽ ሰዓት አቆየናቸው። ከዚያ ክሎሪኑን በሶዲየም ታዮሰልፌት አመከንነው፤ ካልመከነ ቀለሙን ራሱ ያጠፋውና ውጤቱን ያበላሻል። የተበተኑትን በጥሩ የማጣሪያ ወረቀት ሰብስበን ወረቀቱን፣ የሌላውን ደግሞ ስላይዱን እንዳለ፣ በተቀቀለ መረቅና በሜቲሊን ብሉ ውስጥ አስገባን። ሦስተኛ ብልቃጥ ታዮሰልፌትና ቀለም ብቻ ይዞ ለማመሳከሪያ ቆመ።

ማታ ላይ ስላይዱ ያለበት ብልቃጥ ሥሩ መንጣት ጀምሮ ነበር፤ ሲነጋ ከዘይቱ ሥር ካለች ቀለበት በስተቀር ሰማያዊ አልቀረውም። የተበተኑት ያሉበት እንደ ማመሳከሪያው ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። የማጣሪያ ወረቀት ሁሉንም ባክቴሪያ እንደማይዝ ስለማውቅ፣ ሳይጣራ በቀጥታ ከተቀዳው ውሃም ለብቻው ፈተንን፤ እርሱም አልነጣም።

ክሎሪን ኃይለኛ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል፤ ድክመቱም እዚያው ላይ ነው። ወደ ሽፋኑ ሲገባ ከላይ ካለው ስኳርና ፕሮቲን ጋር ይዋሐድና በዚያው ያልቃል። ገበያ መግቢያ ላይ ገንዘቡን ጨርሶ ባዶ እጁን ወደ መሐል እንደሚዘልቅ ሸማች ነው፤ እውስጥ ያሉት ዘንድ ሲደርስ የቀረው ነገር የለም። ከላይ ያሉት ይሞታሉ፤ የሞቱትም ራሳቸው ከታች ላሉት መከላከያ ይሆናሉ።

ኅዳር 28

የትናንት በስቲያውን ውጤት የሰማች አንዲት ተማሪ ከቤቷ ጀሪካን አመጣች። እናቷ ውሃውን በረኪና እያደረጉ ለቀናት ያስቀምጣሉ፤ ግድግዳው ግን ያሟልጫል። ሌላ ተመሳሳይ ጀሪካን ጠጠርና አሸዋ ከጥቂት ውሃ ጋር ጨምረን በኃይል ነቅንቀን፣ ደጋግመን አለቀለቅነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ውሃ፣ እኩል በረኪና።

ክሎሪኑ መኖሩን የምናየው በፖታሲየም አዮዳይድና በስታርች ነው። ክሎሪን ካለ አዮዲኑን ነጻ ያወጣዋል፤ ስታርቹም ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። በመጀመሪያው ሰዓት ሁለቱም እኩል ጠቆሩ። ማታ ላይ የሚያሟልጨው ጀሪካን ውሃ ፈዛዛ ሐምራዊ ብቻ ሰጠ። ጠዋት ምንም ቀለም አላሳየም፤ የታጠበው ጀሪካን ውሃ ግን አሁንም ሰማያዊ ያወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ለተጠቃሚ ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን እንዲኖረው ይመክራል። የሚያሟልጭ ዕቃ ይህን በልቶ ይጨርሰዋል።

ልጅቷ ውጤቱን ለእናቷ ራሷ እንድትነግራቸው ነግሬያታለሁ። ሌላ ሰው ከሚነግራቸው በልጃቸው አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

ታኅሣሥ 2

ከፋርማሲ የሚገዛ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በሽፋኑ ላይ ጠብ አደረግን። ወዲያው አረፋ ሞላው። ካታሌዝ የተባለው ኢንዛይም መርዙን ወደ ውሃና ኦክስጅን እየለወጠው ነው። አንድ ባክቴሪያ ብቻውን ሆኖ ይህን ኢንዛይም ቢይዝም ዙሪያውን የከበበውን መርዝ ሁሉ አይጨርስም። በጉብታ ውስጥ ግን የእያንዳንዱ ኢንዛይም ለጎረቤቱም ይሠራል፤ መርዙ ወደ ውስጥ ከሚዘልቅበት ፍጥነት ይልቅ የሚፈርስበት ይበልጣል።

ታኅሣሥ 6

ድርቀት። ሽፋን ያለበት ስላይድና የተበተኑ ባክቴሪያዎች ጠብ የተደረጉበት ስላይድ ጥላ ሥር ለሁለት ቀን ደርቀው መረቅ ውስጥ ገቡ። የመጀመሪያው ዘግይቶም ቢሆን ነጣ፤ ሁለተኛው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ረጃጅሞቹ የስኳር ሰንሰለቶች ውሃ አጥብቀው ይይዛሉ፤ ሽፋኑ ከላይ ሲደርቅ ይኮማተርና ታች ያለው እርጥበት እንዳይወጣ ይከላከላል። ባዶ ሆኖ ፀሐይ ላይ የዋለ ጀሪካን ታጠበ ማለት አይደለም።

ታኅሣሥ 11

ዛሬ ከገንዳው ወጥተን ወደ ጥርስ ሄድን። እያንዳንዱ ተማሪ ከድዱ አጠገብ በጥርስ መጎርጎሪያ ጥቂት ነጭ ነገር አወጣ። በጀንሺያን ቫዮሌት ሲታይ ክቡ፣ ዘንጉ፣ ክር መሳዩ ተደራርቧል። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ፤ ሁሉም በየራሱ አፍ ነገር ተጨንቋል።

ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ይህንኑ ነገር ከራሱ ጥርስ ወስዶ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1683 ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ ጽፏል። ብዙም የማይነገርለት ቀጥሎ ያየው ነው፤ ጥርሱን በኮምጣጤ ሲያጥብ የሞቱት ከውጭ ያሉት ብቻ እንደሆኑ፣ ኮምጣጤው ወደ ውስጥ ዘልቆ እንዳልገባ በ1684 ጻፈ። ባክቴሪያ የሚለው ስም እንኳን ሳይኖር እኛ ኅዳር 25 ያየነውን አይቶታል።

በመድኃኒትም እንዲሁ ነው። በባዮፊልም ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከተንሳፋፊዎቹ ይልቅ እስከ አንድ ሺህ እጥፍ የሚደርስ አንቲባዮቲክ ሊቋቋሙ ይችላሉ። መድኃኒቱ አለመድረሱ አንዱ ምክንያት ብቻ ነው። ከላይ ያሉት ኦክስጅኑንና ምግቡን ስለሚጨርሱት ከታች ያሉት እድገታቸው ይዘገያል፤ አንዳንዶቹም ያንቀላፋሉ። ፔኒሲሊን የሚገድለው ግድግዳውን እየገነባ የሚያድገውን ነው፤ ያንቀላፋውን አይነካውም። ጆሴፍ ቢገር የተባለ ሐኪም ከፔኒሲሊን የሚተርፉ ጥቂት ባክቴሪያዎች ሁልጊዜ እንደሚቀሩ እ.ኤ.አ. በ1944 አስተውሎ ነበር። መድኃኒቱ ሲቆም እነዚህ ይነቃሉ። በተጨማሪም ጎን ለጎን ተጠጋግተው ስለሚኖሩ መድኃኒት የመቋቋም ባሕርይን የያዘ ዲኤንኤ እርስ በርሳቸው መቀባበል ይቀላቸዋል። በሽንት ቱቦ (ካቴተር) ወይም በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ላይ የተጣበቀ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ዕቃው ካልወጣ የማይድነው በዚህ ምክንያት ነው።

መፋቂያ ላይ ብዙ አወራን። የወይራም ይሁን የክትክታ፣ ዋናው ሥራው መፈግፈግ ነው፤ የተጣበቀውን ያነሣዋል። አፍን መጉመጥመጥ ብቻውን የኮምጣጤውን ያህል ነው።

ታኅሣሥ 17

ስላይዱን ሳናደርቅ፣ ከነውሃው፣ በሽፋን መስታወት ሸፍነን አየን። ሕያው ነገር ሲታይ ሁሉም በአንድ ማይክሮስኮፕ ላይ ይሻማል። ጸጉራም ፕሮቶዞአዎች (ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን ፍጥረታት) በጉብታዎቹ ዳር ይመላለሳሉ። አንዱን ለረጅም ጊዜ ተከተልነው፤ እየተንከባለለ ሲሄድ የሚዋኙትን ባክቴሪያዎች በአፉ ጅረት እየሳበ ይለቅማል፤ ትልቁ ጉብታ ጋ ሲደርስ ዙሪያውን ሞክሮ ጥቂት ካንገላታ በኋላ ትቶት ሄደ። ጉብታው ከአፉ ይበልጣል። ተጠቂው ተጣብቆ በመብዛቱ ከጉሮሮ በላይ ሆኗል።

የኮሌራ ባክቴሪያ ይህን ጥቅም በሚገባ ይጠቀምበታል። በውሃ ውስጥ ከጥቃቅን እንስሳት ጋር ተጣብቆ፣ ጉብታ ሠርቶ ይኖራል። አሜሪካዊቷ የባክቴሪያ ተመራማሪ ሪታ ኮልዌልና ባልደረቦቿ በባንግላዴሽ መንደሮች ሴቶች ውሃ ሳሪ በሚባለው አሮጌ ልብሳቸው አጥፈው እንዲያጠልሉ አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ውጤት መሠረት የኮሌራ ሕመም በ48 በመቶ ቀነሰ። አንድ ተንሳፋፊ ባክቴሪያ በጨርቅ ቀዳዳ ያልፋል፤ ከእንስሳው ጋር የተጣበቀው ግን ይቀራል። በእኛም አገር ውሃ በነጠላ ማጥለል የታወቀ ነው። ብቻውን አይበቃም፤ ከንቱ ሥራ ግን አይደለም።

ታኅሣሥ 22

የአንድ ተማሪ አያት ጠላ ይጠምቃሉ። ጋን እንዴት እንደሚያጥቡ ልናይ ሄድን። እማማ ጋኑን መጀመሪያ በውሃ አለቀለቁት፤ ከዚያ ጭብጥ ሙሉ ግራዋ ይዘው ውስጡን ከአፉ እስከ ሥሩ ፈገፈጉት። አረንጓዴው አረፋ እየጠቆረ ወጣ። ውሃው እስኪጠራ ደጋግመው ካለቀለቁ በኋላ የወይራ ጭስ አጠኑት። «ሳይታሽ ቢታጠን ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጠላው ይቆመጥጣል፤ ጭስ የሚገባው ለጠራ ጋን ነው» አሉኝ።

ማሸት መቅደሙ፣ ጭሱ መከተሉ፣ ከክሎሪኑ ፈተና ያገኘነው ቅደም ተከተል ነው። የሸክላ ግድግዳ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ለባክቴሪያ ከፕላስቲክ ይበልጥ ይመቻል፤ ስለዚህም ሥራቸው ከእኛ ሥራ የከበደ ነው። ተማሪዎቹ ቅደም ተከተሉን ቃል በቃል ጽፈውታል።

ጥር 4

ከገና በኋላ ተመለስን። ገንዳው በበዓሉ ምክንያት ውሃው ሳይቀየር ቆይቷል። ስላይዶቹ ላይ ያልጠበቅነውን አየን፤ በወፋፍራሞቹ ጉብታዎች መሐል ባዶ ጉድጓድ አለ። ግድግዳቸው ቀርቶ ውስጣቸው ወጥቷል።

ተጣብቆ መኖር ትርፍ ያለው ምግብ እስካለ ድረስ ነው። ሲያልቅ፣ ያ በኅዳር 4 ያነሣሁት ሞለኪውል ይቀንሳል፤ ባክቴሪያዎቹ የራሳቸውን ሙጫ የሚቆርጥ ኢንዛይም ያወጣሉ፤ ከመሐል ያሉት መዋኛቸውን መልሰው አብቅለው ይወጣሉ። ከጉድጓዳማው ስላይድ አጠገብ ንጹሕ ስላይድ አንጠለጠልን። በማግስቱ የተበተኑ ዘንጎች ነበሩበት። እንግዲህ ባዮፊልም መጠለያም፣ ዘር የሚበተንበት ማሳም ነው። ከቧንቧ የሚወጣ ውሃ አንዳንድ ቀን ባክቴሪያ በዝቶበት ሌላ ቀን ንጹሕ ሆኖ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጥር 6

የአሸዋ ማጣሪያውን ተከልን። እስካሁን ባክቴሪያው ለራሱ የሚያገኘውን ትርፍ ስንቆጥር ቆይተናል፤ አሁን ያንኑ አኗኗር ለእኛ እንዲሠራ እናደርጋለን።

እ.ኤ.አ. በ1892 የጀርመኗ ከተማ ሃምቡርግ በኮሌራ ከ8,600 በላይ ሰው ሞተባት። ጎረቤቷ አልቶና የምትጠጣው ከዚያው ከኤልቤ ወንዝ፣ ያውም የሃምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለ በኋላ ካለው ቦታ ነበር። ያም ሆኖ በአብዛኛው ተረፈች፤ ውሃዋ በአሸዋ ቀስ ብሎ ይጣራ ነበርና። ጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ሮበርት ኮክ ይህን ልዩነት በዝርዝር ጽፎታል። ዋናው ሥራ የሚሠራው በአሸዋው የላይኛው ክፍል፣ በየቅንጣቱ ላይ በሚያድገው ዝልግልግ ሽፋን ነው። የሚያልፈውን ባክቴሪያ ሙጫው ይይዘዋል፤ በዚያ የሰፈሩት ፕሮቶዞአዎችም ይበሉታል። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ማንዝ ይህን ለቤት በሚሆን መጠን አሳንሶ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው።

የእኛው ከረጅም የፕላስቲክ በርሜል ተሠራ። ከታች ጠጠር፣ ከዚያ ደቃቅ ጠጠር፣ ከላይ በሚገባ የታጠበ አሸዋ። የመውጫ ቱቦው ወደ ላይ ተቀልብሶ፣ ውሃ ሳይጨመርም ከአሸዋው በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ እንዲቀር ተደርጓል። ከዚህ ከጠለቀ ኦክስጅን ወደ ሽፋኑ አይደርስም፤ ከዚህ ካነሰ ደግሞ ሊደርቅ ይችላል። በየቀኑ ከሐይቁ ውሃ ይጨመርበታል፤ በዚህ ደረጃ በረኪና የነካው ውሃ ፈጽሞ አይገባበትም፤ የምናሳድገውን ይገድልብናል።

ጥር 9

የተጣራው ውሃ ከጥሬው ብዙም አልተለየም። ሁለቱም ሜቲሊን ብሉውን ከሰዓት በኋላ አነጡት። አሸዋው ገና ባዶ ነው።

የካቲት 3

ጥሬው ውሃ ከሰዓት በኋላ ነጣ። የተጣራው በማግስቱ ጠዋት ሰማያዊ ነበር። በርሜሉ ያው፣ አሸዋው ያው፣ የገባው ውሃም ያው ሐይቅ ነው፤ የተጨመረው ሽፋኑ ብቻ ነው። ከላይ ጥቂት አሸዋ አንሥተን ስናይ ቅንጣቶቹ በቡናማ ዝልግልግ ተያይዘዋል፤ በመሐላቸው ደወል የሚመስሉ ባለ ግንድ ፕሮቶዞአዎች ተተክለው ውሃውን ይስባሉ።

የካቲት 12

የማጣሪያው ፍሰት ቀነሰ። ሽፋኑ ወፍሮ የአሸዋውን ክፍተት ይዘጋል። አሸዋውን አውጥቶ ማጠብ ሽፋኑን ሁሉ ማጥፋት ስለሆነ ከላይ ያለውን ውሃና የአሸዋውን ገጽ ብቻ በእጅ ቀስ ብለን አማስለን የደፈረሰውን በጣሳ ቀድተን አወጣን። ፍሰቱ ወዲያው ተመለሰ። ይሁን እንጂ ዛሬ የወጣው ውሃ ቀለሙን ካለፈው ሳምንት ቀድሞ አነጣው፤ የተረበሸው ሽፋን እስኪያገግም ጥቂት ቀናት ይፈልጋል። ደህና ሆኖ ሲመለስም የሚወጣው ውሃ በታሸ ጀሪካን ተቀድቶ፣ በረኪና ተጨምሮበት ነው የሚጠጣው። እስከዚያ ድረስ የሚወጣውን ለትምህርት ቤቱ ጎመን እናጠጣለን።